የግራዝማች ዘውገ ነጭ ሽምብራ

አንድ ቀን፣ የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት በነሐሴ አሥራ ስድስት ዕለት፣ ግራዝማች ዘውገ ትልቅ ድግስ ደገሱ። ግራዝማች ዘውገ የዋልካ ሜዳን ግማሽ የያዙ ባለመሬት ናቸው። መሬታቸው ሰፊ፣ እጃቸው ጠባብ፣ አፋቸው ደግሞ ከመሬታቸውም የሰፋ ነው። የማያውቁት ነገር የለም። ስለ ዝናብ ይጠየቃሉ፣ ስለ በሬ ይጠየቃሉ፣ ባይጠየቁም ይመልሳሉ።

ያን ዕለት በማለዳ ጭሰኛቸውን በየነን አስጠሩና «ከወንዝ ማዶ ያሉትን ጥጆች ውሃ ሳይወስዳቸው አምጣልኝ። የበረቱም አጥር ፈርሷል፣ እሱንም ጠግን። ከዚያ ከነሚስትህ መጥተህ ትጠጣለህ» አሉት።

በየነ ሲበዛ ጭምት ሰው ነው። «እሺ ጌታዬ» ከማለት ሌላ ቃል ለግራዝማች ተናግሮ አያውቅም። ጥጆቹን ሲያባርር ዋለ። ወንዙ ሞልቶ ነበርና ጥጆቹን አንድ አንድ እያለ በትከሻው ነው ያሻገረው። ሚስቱ ይርገዱ የስምንት ወር ልጇን ትንግርትን በአንቀልባ አዝላ አጥሩን ስትጠግን ዋለች። ሥራው አልቆ ሁለቱም ጭቃቸውን ተለቃልቀው ግራዝማች ግቢ በር ላይ ሲደርሱ ፀሐይ አዘንብላለች።

ግራዝማች ራሳቸው በሩ ላይ ቆመዋል፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ። ከኋላቸው ዳሱ ውስጥ እንግዳው ጠግቦ ይንጫጫል። የአጥቢያው ዳኛ ባሻ ገላው ከፊት ተቀምጠው ዋንጫቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፣ የጠላው አረፋ ጢማቸው ላይ ተጋድሟል።

«አሁን ነው የሚመጣው?» አሉ ግራዝማች።

«ጌታዬ ጥጆቹ…» አለ በየነ።

«ጥጃ ጥጃ አትበለኝ! ድግስ ሰዓት አለው። ጋኑ ቀድሞ ለደረሰ ነው። ለዘገየ አተላ አለ። ከፈለጋችሁ በጓሮ ዙሩና ገንዳው ጋ ሂዱ፣ ላሞቹ አልጨረሱት ይሆናል።»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ባሻ ገላውማ ሲስቁ ጠላው በአፍንጫቸው ወጣ። ትንግርት የወጡ ሽታ መጥቶባት እጇን ወደ ውስጥ ዘርግታ ማልቀስ ጀመረች። በየነ አንገቱን ደፋ። ይርገዱ ልጇን ወደ ፊት አዙራ ጡቷን አጎረሰቻትና ተመለሰች። ያቺን ቃል ግን አልጣለቻትም፤ እንደ ዘር ቅል ከምሰሶው ላይ ሰቅላ አኖረቻት።

*

ይርገዱን ያን ክረምት እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነገር ነበር። መሬቱን የሚያርሱት የእኩል ነው። መሬት ከግራዝማች፣ ጉልበት ከነሱ፣ አዝመራው እኩል ለእኩል። ያለፈው ዓመት ድርሻቸው ግንቦትን አልተሻገረም። ሰኔንና ሐምሌን ጎመን ቀቅለው ከረሙ። ጎመን ብቻ እየበሉ ደግሞ ጡት አይሞላም። ትንግርት ጥርስ ማብቀል ጀምራለች፣ ሽሮ ቢሉ ሽሮ፣ ቂጣ ቢሉ ቂጣ፣ አፏ የሚፈልግበት ጊዜ ደርሷል። ይርገዱ የልጇን ክንድ በሁለት ጣቷ ትለካለች። ትናንትም ለክታዋለች፣ ዛሬም ትለካዋለች። አንድ ቀን የቀጠነ ይመስላታል፣ አንድ ቀን ያው ነው ትላለች። በየነ «አታበዢው፣ ልጅ በልኬት አያድግም» ይላታል። እሷ ግን መለካቷን አልተወችም።

ታዲያ ያው የመለካት ነገር ሜዳ ላይም አልለቀቃትም። ባለፈው ዓመት በጳጉሜ ወር የሽምብራ ዘር የያዘ ስልቻ ይዛ በማሳው ድንበር ስታልፍ ስልቻው ተቀዶ ኖሮ አንድ እፍኝ ያህል ፈሷል። የፈሰሰው ከፍ ያለ ድንበር ላይ ነው፣ ውሃ የማይተኛበት። ግራዝማች ማሳውን ያዘሩት ከመስቀል በኋላ ነው። ኅዳር ላይ ይርገዱ ሁለቱን ለካች። ድንበሩ ላይ የበቀለው አንዱ እግር አርባ ምናምን ፍሬ ይዟል። ማሳ ውስጥ ያለው ዘጠኝ፣ ከበዛ አሥራ ሁለት። ቆጥራ ስትጨርስ ድጋሚ ቆጠረች፤ ፀሐዩ አዙሮኝ ይሆናል ብላ።

እንግዲህ የዋልካ አፈር ጠባዩ እንዲህ ነው። ክረምት ሙሉ ውሃውን ይጠጣና ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ዝናቡ ሲቆም ያንኑ የጠጣውን እየመጠነ ለሽምብራ ያጠጣል። ሽምብራ ዝናብ አይጠብቅም፣ መሬት ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው የሚያድገው። ቶሎ ቢዘራ ውሃው ተኝቶበት ሥሩ ይበሰብሳል። ቢዘገይ ደግሞ እርጥበቱ አልቆ መሬቱ ይሰነጠቃል። ይርገዱ ይህን ስታሰላስል ሰነበተችና አንድ ነገር አገኘች፤ ውሃውን በፈሰስ ማስወጣት፣ መሬቱን መደብ መደብ አድርጎ ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ ቶሎ መዝራት። በእናቷ አገር እንዲህ የሚያደርጉ ነበሩ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግራዝማች በበቅሎ ሆነው ማሳውን ሊያዩ መጡ። ባሻ ገላው ከኋላ ይከተላሉ። ድግስ ባይኖርም ባሻ ከግራዝማች ኋላ አይጠፉም፣ ምሳ ሰዓት ያው በየቀኑ ስላለ።

ይርገዱ ነጠላዋን አስተካክላ ቀረበች። «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልናገር?»

«ተናገሪ።»

«ዘንድሮ ሽምብራውን በጳጉሜ ብንዘራው ብዬ ነበር። ፈሰስ አውጥተን፣ መደብ ሠርተን።»

ግራዝማች መጀመሪያ ባሻን አዩ። ባሻ የግራዝማችን ፊት አይተው የሚስቁ መሆናቸውን ሲያውቁ ቀድመው ሳቁ።

«በጳጉሜ!» አሉ ግራዝማች። «ሰማህ ባሻ? ሽምብራ በጳጉሜ! ስሚ አንቺ የትናንት ልጅ። አባቴ ሽምብራ የሚያዘራው መስቀል በዋለ በስምንተኛው ቀን ነው። የአባቴም አባት እንደዚያው። ሽምብራ ውሃ አይወድም። ሽምብራ የሚወደው ቁር ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።»

«ውሃው እንዳይተኛበት ነዋ ጌታዬ ፈሰስ የምናወጣው።»

«መሬቴን ሹሩባ ልትሠሪው ነው እንዴ?»

«አዎ ጌታዬ፣ እንደሱ ነው። ሹሩባ።»

ባሻ ገላው ሳቃቸው ትን አላቸው። በየነ ከኋላ የሚስቱን ነጠላ ጎተት አደረገ። ነጠላውን ሳበችበትና ቀጠለች።

«ዘሩንም ቢሆን…»

«ዘሩን ተይው! ዘሩን እኔ ገዝቻለሁ» ብለው ግራዝማች ከኪሳቸው አንድ እፍኝ ሽምብራ አወጡ። ነጭ ነው፣ ድብልብል፣ አንዱ ፍሬ የቀዩን ሁለት የሚያህል። «ይኸውልሽ! ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ነጋዴው ‹ይህ የጌቶች ዘር ነው› ብሎኛል። እናንተ የምትዘሩት ያ ቀዩ ምንድነው? የአይጥ ጥርስ!»

ይርገዱ አንዷን ፍሬ አንስታ በጣቶቿ መሃል አገላበጠቻት። «ያምራል ጌታዬ። ግን ይህ ሆዱ ትልቅ ነው፣ እስኪሞላ ጊዜ ይፈልጋል። ይህንንማ ከዘሩ የግድ ቶሎ ነው። ከመስቀል በኋላ ከሆነ የኛው ቀዩ ይሻላል፣ እሱ ባገኘው ይደርሳል።»

ግራዝማች ፊታቸው ተቀያየረ። ጭሰኛ ሲከራከር አይወዱም፤ የጭሰኛ ሚስት ስትከራከር ደግሞ በቅሏቸውም አትወድም። ጭራቸውን አወናጨፉና አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ሐሳቡ ሲመጣላቸው ዓይናቸው ጠበበች። ንፍገት የወለደችው ሐሳብ ሲመጣ ዓይናቸው እንደዚያ ነው የምትሆነው።

«መልካም» አሉ። «ባሻ፣ እማኝ ሁን። ማሳው አራት ጥማድ ነው። ዘንድሮ አዝመራውን አንካፈልም፣ መሬቱን ነው የምንካፈለው። የታችኛው ሁለት ጥማድ ያንቺ። ሹሩባሽን ሥሪው፣ በጳጉሜም ዝሪው፣ ከፈለግሽ በሰኔ። የበቀለው ሁሉ ያንቺ፣ የበሰበሰውም ያንቺ። የላይኛው ሁለት ጥማድ የኔ። ባልሽ በኔ ቀን፣ በኔ ዘር ይዘራልኛል፣ ፍሬው በሙሉ የኔ ነው። ሽምብራሽ የበሰበሰ እንደሆነ ግን በጥር ጎጆዬን ትለቁልኛላችሁ። መሬቴን የሚያበሰብስ ጭሰኛ አልፈልግም።»

የታችኛው ሁለት ጥማድ ማለት ማጥ ነው። ክረምት ላይ ዳክዬ የሚዋኝበት። ግራዝማች ልባቸው ውስጥ ሒሳቡን ጨርሰዋል፤ የሷ ይበሰብሳል፣ የሳቸው ያለ ተካፋይ ይገባል፣ ለበየነም ጉልበት አንዲት ቁና አይወጣም።

በየነ «አይ ጌታዬ፣ እኛ እንደ ድሮው…» ሊል አፉን ሲከፍት ይርገዱ ቀደመችው።

«እሺ ጌታዬ። ባሻ ይመስክሩ።»

«መስክሬያለሁ» አሉ ባሻ፣ ወደ ምሳ ለመሄድ እየቸኮሉ።

ግራዝማች ርቀው ከሄዱ በኋላ በየነ ማረሻው ላይ ቁጭ አለ። «ምን አደረግሽን? ይህችን ሕፃን ይዘን በጥር የት ልንገባ ነው?»

ይርገዱም እሱኑ ነበር የምታስበው። ነጠላዋን አጠበቀችና ማጡን በእርምጃ ትለካ ጀመር።

*

በማግስቱ ሥራ ተጀመረ። ሁለት ጎረቤቶች በወንፈል መጡላቸው። በየነ በሬዎቹን እየነዳ ፈሰስ ያወጣል፣ ይርገዱና ጎረቤቶቿ ጭቃውን በእጃቸው እያነሱ መደቡን ከፍ ያደርጋሉ። ከላይ እስከ ታች መሬቱ ተጎነጎነ። ውሃው በየፈሰሱ ተንኳለለና ወደ ወንዙ ወረደ። የሩፋኤል ማግስት፣ ጳጉሜ አራት ቀን፣ ይርገዱ ከምሰሶው ላይ ከእናቷ የወረሰችውን የዘር ቅል አወረደችና ቀዩን ሽምብራ ዘራች።

ዘር በገባ በሳምንቱ ዝናቡ ተመልሶ መጣ። ሦስት ቀን ያለ ፋታ ዘነበ። ይርገዱ ጎህ ሲቀድ ልጇን አዝላ ማሳው ላይ ናት። አንዱ ፈሰስ በደለል ተደፍኗል፣ ውሃው ወደ መደቡ መውጣት ጀምሯል። ዶማ ለማምጣት ጊዜ አልነበራትም። ተንበርክካ በእጇ ትዝቅ ጀመር፣ ትንግርት ከጀርባዋ ጠጉሯን እየጎተተች ትስቃለች።

ግራዝማች ጥላቸውን ዘርግተው በበቅሎ መጡ። ይህን ሳያዩ መቅረት አልፈለጉም።

«ይርገዱ! ዓሣ ነው እንዴ የዘራሽው?»

ይርገዱ ቀና ብላ በጭቃ እጇ ግንባሯን ጠረገች። «አዎ ጌታዬ። ለጾም ይሆናል ብዬ ነው።»

ግራዝማች እየሳቁ ሄዱ። ፈሰሱም ተከፈተና ውሃው ሄደ።

መስቀል አለፈ። በስምንተኛው ቀን፣ መስከረም ሃያ አምስት፣ በየነ የግራዝማችን ነጭ ሽምብራ ዘራ። በወቅቱ የይርገዱ ቀይ ሽምብራ ቁርጭምጭሚት አልፏል። ግራዝማች ግን አልተሸበሩም። «ቶሎ የሮጠ ቶሎ ይደክመዋል» እያሉ ለሰው ሁሉ ያወሩ ነበር። እንዲያውም የሳቸው ሲበቅል አማረ፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱ ወፍራም። መንገደኛ እያስቆሙ «የጌቶች ዘር ነው፣ እየው እስኪ አቋሙን» ይሉ ነበር።

ጥቅምት የነፋስ ወር ነው። ነፋሱ መጣና የዋልካውን ፊት አደረቀው። ኅዳር ሲገባ መሬቱ ይሰነጠቅ ጀመር፣ መጀመሪያ ጣት፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ እግር የሚያስገባ። የይርገዱ ሽምብራ ያን ጊዜ ፍሬውን ሞልቶ እሸት ሆኗል። የግራዝማች ገና አበባ ነው። የጌቶች ዘር አበባውን ይዞ፣ መሬቱ ተሰንጥቆበት፣ ግራ ተጋብቶ ቆመ።

በአገሩ ልማድ እሸት የቀጠፈ መንገደኛ ሌባ አይባልም። አንድ እፍኝ ቀጥፎ፣ እየፈለፈለ ይሄዳል። ግራዝማችም ጠዋት ጠዋት ማሳቸውን ሊጎበኙ ሲመጡ በቅሏቸው ወደ ታችኛው ሁለት ጥማድ ጠጋ ትላለች። ጎንበስ ብለው አንድ እግር ነቅለው ይፈለፍላሉ።

«ትንሽ ናት» ይላሉ እያላመጡ። «የአይጥ ጥርስ ናት። ግን ለአፍ አታስከፋም።»

«ይብሉ ጌታዬ» ትላለች ይርገዱ። «የእርስዎ እስኪደርስ።»

የእርሳቸው ግን አልደረሰም። ጎድጓዳው ጋ ካለው ከጥቂቱ በቀር ፍሬው ሳይሞላ ደረቀ። ቅርፊቱ ትልቅ ነው፣ ውስጡ ባዶ። ነፋስ ሲነካው እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። ከሩቅ ለሰማው ቤተ ክርስቲያን ያለ ይመስላል።

*

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ተወቅቶ አውድማው ላይ ሁለት ክምር ሆነ። አንዱ ቀይ ነው፣ የሰው ወገብ ይደርሳል። ሌላው ነጭ ነው፣ እሱን ደግሞ ዶሮ ብትቀመጥበት ትሸፍነዋለች። ጎረቤቱ ሁሉ ለማየት መጥቷል። በየነ ስልቻውን ከፍቶ፣ ይርገዱ በቁና የመጀመሪያውን ልትዝቅ ስትል ከበስተኋላ ድምፅ መጣ።

«በሕግ አምላክ!»

በሕግ አምላክ ከተባለ ማንም ካለበት አይነቃነቅም። ይርገዱ ቁናውን እንደያዘች ቆመች። ግራዝማች ከበቅሎ ወርደው፣ ካባቸውን አስተካክለው፣ ባሻ ገላውን አስከትለው አውድማው መሃል ገቡ። ለባሻ ድንጋይ ተነጠፈላቸው፣ ተቀመጡ። ግራዝማች ጭራቸውን ወደ ቀዩ ክምር ዘረጉ።

«ዳኛ ሆይ፣ ይህች ሴት ሰርቃኛለች።»

ሰዉ ጉድ አለ። በየነ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን ሰረቀች?» አሉ ባሻ።

«እርጥበቴን!»

ባሻ ጆሯቸውን በጣታቸው ጎረጎሩ። «ምን አሉ ግራዝማች?»

«እርጥበቴን! መሬቱ የኔ ነው። የመሬቱም ውሃ የኔ ነው። ይህች ሴት ሽምብራዋን ሃያ ስድስት ቀን አስቀድማ ዘራችው። የሷ ሽምብራ ሥሩን በመሬት ውስጥ ሰድዶ፣ እየተሹለከለከ ወደኔ ማሳ ገብቶ፣ ያለውን እርጥበት ጠጥቶ ጨረሰው! የኔ ሲመጣ የሚጠጣው አጣ። ስለዚህ ይህ ቀዩ ክምር በኔ ውሃ ያደገ ነው። ቢያንስ ግማሹ ይገባኛል። አባቴ በሕይወት ቢኖር ሙሉውን ነበር የሚጠይቀው።»

ባሻ ገላው ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። ነገሩ እንደማያስኬድ ያውቁታል። እማኙ እሳቸው ናቸው። የበቀለው ሁሉ ያንቺ ሲባል በጆሯቸው ሰምተዋል። ግን ደግሞ ምሳው አለ። ነገ ምሳ አለ፣ ከነገ ወዲያም ምሳ አለ።

«እንግዲህ» አሉ ቀስ ብለው፣ የማንንም ዓይን ሳያዩ፣ «እርጥበት… እርጥበት ነው። የመሬት ነገር ጥልቅ ነው። ሥር የት እንደሚሄድ ማን አይቶ? ልጄ ይርገዱ፣ ለሰላም ሲባል፣ ግራዝማችን ብታስቢያቸው…»

በየነ ወደ ሚስቱ ጆሮ ጎንበስ አለ። «ስጫቸው ግማሹን» አላት። «ስጫቸውና ጎጇችን ትቅርልን።»

ይርገዱ ክምሩን አየችው። ሙሉው ከሆነ እስከሚመጣው አዝመራ ይደርሳል፣ ልክክ ብሎ። በዓይኗ ለክታዋለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ግማሹ ከሄደ እንደገና ሰኔ አለ፣ እንደገና ሐምሌ አለ፣ እንደገና ጎመን። ትንግርት ከጀርባዋ ላይ ሆና አንዲት ሽምብራ በአዲሶቹ ሁለት ጥርሶቿ ለመስበር ትታገላለች። ይርገዱ ጀርባዋ ላይ ያን ትግል ይሰማታል። ቁናውን መሬት አስቀመጠችና ወደ ፊት መጣች።

«ባሻ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ይመስክሩልኝ። የታችኛውን ሁለት ጥማድ ለኔ የመረጡልኝ ማን ናቸው?»

«ግራዝማች ናቸው» አሉ ባሻ፣ ወደ ጫማቸው እያዩ።

«ቀኑንስ ለነጩ ሽምብራ የመረጡለት?»

«ያው እሳቸው።»

«ይህን እወቁልኝ» አለችና ወደ ግራዝማች ዞራ እጅ ነሳች። «ጌታዬ፣ ሽምብራዬ ጠጥቷል፤ አልክድም። ጋኑ ሲከፈት ደርሶ፣ ድርሻውን ጠጥቶ፣ ደስ ብሎት አደረ። የእርስዎ እንግዳ ግን መስቀል አልፎ፣ ስምንት ቀን ጨምሮ፣ ያን የሚያህል ሆድ ይዞ መጣ። በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ጥጃዎን በትከሻ አሻግረን ስንመጣ፣ በርዎ ላይ ምን አሉን? ‹ጋኑ ቀድሞ ለደረሰ ነው፣ ለዘገየ አተላ አለ።› ባሻም ዋንጫ ይዘው ሰምተዋል፣ ስቀዋልም። ምን ላድርግ ጌታዬ? መሬትዎ ከእርስዎ ነው የተማረው።»

አንድ ሽማግሌ ከኋላ «እህህ» አለ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ አውድማው ሙሉ ሳቅ ሆነ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቀጠቁ። በየነ፣ ጭምቱ በየነ፣ ከሳቁ ብዛት ስልቻው ላይ ተቀመጠ። ባሻ ገላው ላለመሳቅ ጢማቸውን ነከሱት፣ አልቻሉም፤ ምሳቸውን እንደሚያጡ እያወቁ ሳቁ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጠርገው ፈረዱ።

«ቀዩ የይርገዱ ነው። ነጩ የግራዝማች ነው። እርጥበቱ ቀድሞ ለደረሰ ነው።»

ግራዝማች ካባቸውን ሰብስበው በቅሏቸው ላይ ወጡ። በቅሎዋ ግን ልማዷ ነውና ወደ ታችኛው ሁለት ጥማድ ጠጋ ብላ ቆመች፤ እሸት ያለ መስሏት።

በዚያው ዓመት በጳጉሜ ወር መንገደኛ በዋልካ ሜዳ ሲያልፍ ግራዝማች ዘውገን ጥላቸውን ዘርግተው አየ፣ በሌሎች ጭሰኞቻቸው መሃል ቆመው ጮክ ብለው ያዛሉ። «ፈሰስ አውጡ እንጂ! ሹሩባ አድርጉት! አባቴ ድሮም እንዲህ ነበር የሚያደርገው!»